ብየዳው ላይ የተፈተነ ቀለበት

ባለቤቴ ወርቅ ካየ እጁ አያርፍም። ይህን የምነግራችሁ ላማው ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ላማውም ብዬ ነው፤ ግን እውነቴን ነው። ሰውዬው አንጥረኛ ነው። ከሰው ጋር ሲጨባበጥ ፊት አያይም፣ ጣት ነው የሚያየው። አንድ ጊዜ ሀኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው ሲያዛጉ የጥርሳቸውን ወርቅ አየና፣ «አባባ፣ ይሄ ነገር መዳብ በዝቶበታል፤ ማን ነው የሰራልዎት?» አላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው አፋቸውን ገጥም አድርገው ተነስተው ሌላ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ።

እኔ ደግሞ የድንጋይ ሰው ነኝ። ሱቃችን ምድር ላይ ነው፣ ቤታችን ፎቁ ላይ። እሱ በጓሮው በኩል ከእሳቱና ከመዶሻው ጋር ይቀመጣል፤ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃን ላይ። ሩቢ ነው ተብሎ የተሸጠ ቀይ ብርጭቆ፣ ሳፋየር ነው የተባለ ሰማያዊ ብርጭቆ፣ አንዳንዴም ብርጭቆ ነው ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ እውነተኛ ድንጋይ በእጄ ያልፋል። ድንጋይ ችኮላ አይወድም። ማጉያዬን አይኔ ላይ አድርጌ ሆዱን አየዋለሁ። ውስጡ ጭረት ቢጤ፣ ጉም ቢጤ ካለበት ከመሬት የወጣ ነው፤ ክብ ክብ አረፋ ካለበት ከምድጃ የወጣ ነው። ምንም እንከን ካጣሁበት ደግሞ ያኔ ነው አብልጬ የምጠረጥረው።

ባለቤቴ ይሄን ሁሉ ትዕግስት ከየት ያመጣል? የሱ ነገር ጥቁር የመፈተኛ ድንጋይና የአሲድ ጠርሙስ ነው። ወርቁን ድንጋዩ ላይ ጫር ያደርገዋል፣ ቢጫ መስመር ይቀራል፤ መስመሩ ላይ አሲድ ጠብ ያደርጋል። መስመሩ ከቆየ ወርቁ የተባለውን ያህል ነው፤ ከጠፋ አይደለም፣ አለቀ። ፍርድ ቤትም እንዲህ ቢፈጥን ይላል ራሱ። እኔን ግን የሚያናድደኝ መፈተኑ አይደለም፣ ፍርዱን ሳያላምጥ መናገሩ ነው።

ወደ ልጄ ልምጣ። አንዲት ልጅ ናት ያለችን። ከዕለታት ባንዱ አሳንሰር ውስጥ ተይዛ ትቀራለች። ሊጠግን የመጣው ልጅ በሩን ፈልቅቆ ሲያወጣት እንደማንኛውም ሰው አመስግና መሄድ ሲገባት፣ «ግን ለምንድነው እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቆመው?» ብላ ትጠይቀዋለች። እሱ ማስረዳት ጀመረ፤ ይኸው እስከዛሬ እያስረዳት ነው። ጨዋ ልጅ ነው። ጥፍሩ ስር ትንሽ ግራሶ አይጠፋም እንጂ ልቡ ንፁህ ነው። እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ወድጄዋለሁ። ባለቤቴ ግን፣ «ከፍ ዝቅ የሚል ስራ ነው፣ አያስተማምንም» እያለ ያላግጣል። ነገሩ ቅናት ነው። ሴት ልጁን የሚወስድበት ንጉስ ቢሆንም ዘውዱን ጭሮ አሲድ ያንጠባጥብበት ነበር።

ታዲያ ልጁ ከእናቱ ጋር ለምሳ ሊመጣ፣ ለልጄም ቀለበት ሊያደርግላት ቀን ተቆረጠ። ጠዋት ልጄ ኩሽና ገብታ ጆሮዬ ስር፣ «እማዬ፣ አደራሽን፣ አባዬን ያዢልኝ» አለችኝ። «ቀለበቱ የእናቱ ነው። አባቱ ናቸው ያደረጉላቸው። አባትየው ከሞቱ ጀምሮ ከእናትየው ጣት ወጥቶ አያውቅም። አባዬ ያቺን ጥቁር ድንጋይ ካወጣ አለቀልኝ።»

«እኔ አለሁልሽ» አልኳት። ወርጄ የመፈተኛውን ድንጋይና ጠርሙሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩና ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። ባለቤቴን ፊት ለፊቴ አቁሜ አስማልኩት። ማለ። በልጁ ነው የማለው።

እናትየው መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ አንገታቸው ላይ የሜትር ምልክት የቀረ የሚመስል ሴትዮ። ግራ እጃቸውን ሳይ አንጀቴን በላው፤ ቀለበቱ ከነበረበት ጣት ላይ ነጭ ሰንበር ብቻ ቀርቷል። ባላቸው የአውቶብስ ሹፌር ነበሩ። ገና ሾርባው ሳይቀርብ ስለሳቸው ማውራት ጀመሩ፤ ሲያወሩም ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር።

ልጁ ቀለበቱን ከኪሱ አወጣ። ከመጠን ያላለፈ፣ ወፈር ያለ ወርቅ፣ አናቱ ላይ አንዲት ቀይ ድንጋይ። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ እንኳን አወቅኳት። ጋርኔት ናት፣ ሞቅ ያለች፣ ጥሩ ጋርኔት። የልጄ ጣት ውስጥ ልክ ብሎ ገባ። ልጄ እንደሆነች የጣት ውፍረቷን ከአባቷ ነው የወረሰችው፤ እንዴት ልክ ሆነላት ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም፣ እያለቀስኩ ነበራ።

«ባለቤቴ ሲሰጠኝ» አሉ እናትየው፣ «ድንጋዩ ሩቢ አይደለም፣ ጋርኔት ነው፣ ለሩቢ አቅም የለኝም አለኝ። ወርቁ ግን አስራ ስምንት ካራት ነው፣ በሱ አንገትሽን ቀና አድርጊ አለኝ።»

«እስቲ ልየው» አለ ባለቤቴ።

ልጄ አየችኝ። እኔ ደረቴን ነካሁ፣ ቁልፉ አለ። ምን ያደርጋል አልኩ በልቤ። ልጄ ቀለበቱን አውልቃ ሰጠችው። ሰውዬው እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደና ሌላ ጥቁር ድንጋይ አወጣ። ክብሪት የምታህል፣ መኖሯንም የማላውቃት ድንጋይ። ከመነፅሩ ቤት ደግሞ እንደ አይን ጠብታ ያለች ጠርሙስ። ወይ ጉዴ ብዬ ከመነሳቴ በፊት ቀለበቱን ገልብጦ ከስር በኩል ጫር አድርጎ፣ ጠብ አድርጎ ጨርሷል። መስመሩ ድመት እንደላሰው ጠፋ።

«ይሄማ አስራ ስምንት አይደለም» አለ። ሱቃችን ለሚመጣ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ ዝም ብሎ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደማለት።

ልጄ ክው ብላ ቀረች። የአሳንሰሩ ልጅ ጆሮው ቀልቶ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማንንም አያይም። ባለቤቴም የተናገረውን የሰማው እንደ እኛው ከተናገረው በኋላ ነው መሰለኝ፤ አሲዱን ይዞ ደርቆ ቀረ።

እናትየው ቀስ ብለው፣ «ባሌ ዋሽቶኛል ማለት ነው?» አሉ። የጠየቁት ባለቤቴን አይመስልም። «ይሄን ሁሉ ዘመን አንገቴን ቀና ያደረግኩት በውሸት ነው?»

ደሜ ፈላ። ባለቤቴን እዚያው በሾርባው ጭልፋ ባልኩት፣ ግን ለሱ ሌላ ጊዜ አለኝ። ቀለበቱን ከእጁ ነጥቄ፣ «ድንጋዩን ልየው» ብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ድንጋዩን አላየሁም። ማጉያውን ከወርቁ ስር አደረግኩት። ከስር፣ ልክ እሱ ከጫረበት ቦታ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ገርጣ ያለች መስመር አለች።

«ልጄ» አልኩት የአሳንሰሩን ልጅ፣ «ይሄን ቀለበት አስፍተኸዋል?»

«አዎ እትዬ። እሷን እንዲሆናት ብዬ። ገበያው ጋ ያለ ሰው ቆርጦ ቀጠለልኝ።»

እፎይ ልል ስል እናትየው መጥተው ቀለበቱን ከእጄ ወሰዱትና ጨበጡት። «ይበቃል» አሉ። «ልጄ፣ ተነስ እንሂድ። ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ሳላውቅ ባዶ ነገር ይዤ ነው ሰው ቤት የመጣሁት።»

ልጄ በሩ ላይ ቆማ መንገድ ዘጋችባቸው። «እማማ፣ እኔ ወርቁን አይደለም የምፈልገው» አለች።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ» አሏት። «እኔ ግን እፈልገው ነበር።»

ባለቤቴን በኮቱ ጠርዝ ይዤ እየጎተትኩ ኩሽና አስገባሁት። «አንተ ሰውዬ፣ የት ላይ ነው የፈተንከው?»

«ከስር። ሁልጊዜ ከየት ነው የምፈትነው? ጭረቱ እንዳይታይ ከስር ነዋ።»

«ቀለበት ሲሰፋስ ከየት ነው የሚቆረጠው?»

ዘመኑን ሙሉ ሲቆርጥና ሲቀጥል የኖረ ሰው ነው። ብየዳ የሚሰራው ዝቅ ካለ ወርቅ መሆኑን፣ ከቀለበቱ ቀድሞ እንዲቀልጥ ሆን ተብሎ መዳብና ብር እንደሚበዛበት ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁሉም አንጥረኛ ከስር ይቆርጣል፣ ብየዳው እንዳይታይ። ሁሉም አንጥረኛ ከስር ይፈትናል፣ ጭረቱ እንዳይታይ። የኔው ጉድ ደግሞ የጫረው ልክ ብየዳው ላይ ነው።

«ብየዳውን ነው የፈተንኩት» አለ። «ወይኔ፣ የሰው ሬሳ አሰደብኩ።»

«ግባና ንገራቸው።»

ገባና ነገራቸው። ጥሩ አድርጎ ነገራቸው፤ ሲያፍር ሰው ይሆናል። «እመቤቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከድንጋዩ አጠገብ፣ ማንም ካልነካው ቦታ ልፈትነው። ያኔ ያያሉ።»

እናትየው በራፉ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጭብጣቸውን አልፈቱም። «ልክ ይሆኑ ይሆናል» አሉ። «ግን እዚያ ጋም ቢጠፋስ? አሁን ቢያንስ አንድ እግሬ እምነቴ ላይ ነው። ሌላው ጋ ጭረው ከጠፋ እሱን ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው። ሳላውቅ ብኖር ይሻለኛል።»

ልጃቸው ተንበርክኮ ትከሻቸውን ያዘ። ልጄ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋን ትጠርጋለች። እኔም እናትየውን አልፈረድኩባቸውም። ይሄ የወርቅ ነገር አልነበረም። ሰውዬው ሞተዋል፣ ተመልሰው መጥተው ራሳቸውን አይከላከሉም፤ እናትየው ደግሞ የማይመለስ ነገር ከመስማት ጭብጣቸውን እንደያዙ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው። ከሄዱ በኋላ ልጄን ከዚህ ቤት ማን ይወስዳታል? በየትኛው ፊታችን ሁለተኛ እንጠራቸዋለን?

ባለቤቴ ጥቁሩን ድንጋይ ከጠረጴዛው አነሳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «ቀለበትሽን ስጪኝ» አለኝ።

ገባኝ። ሊያሳያቸው ነው፤ የኔን ቀለበት ብየዳው ላይ ሲጭር መስመሩ ሲጠፋ፣ ሌላው ላይ ሲጭር ግን ሲቆይ እንዲያዩ ነው። በኩራት አውልቄ ሰጠሁት። ራሱ የሰራልኝ ነው፣ ተለማማጅ ሳለ። አስራ ስምንት ካራት ነው ብሎ ነው ጣቴ ላይ ያደረገው። በየጊዜው፣ «አምጪው ልጠበው» ብሎ ይወስድና እንደ አዲስ አብረቅርቆ ይመልስልኛል፤ ጎረቤቶቼ በዚህ ይቀኑብኛል።

ቀለበቴን ከላይ በኩል ድንጋዩ ላይ ጫረው። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ፣ አጥብቆ፣ ቆዳውን ሊገፍ እንደሚፈልግ። ከዚያ አዲስ መስመር አሰመረና አሲዱን ጠብ አደረገበት። እናትየውም ሳይፈልጉ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩ። መስመሩ አረፋ ነገር አወጣ፣ አረንጓዴ መሰለ፣ ጠፋ።

«ብየዳው ላይ ነው አይደል?» አልኩት።

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«የትም ቦታው አስራ ስምንት አይደለም» አለ። አያየኝም፤ የሚያየው እናትየውን ነው። «ዘጠኝ ቢሆን ነው። ያኔ የሰው ቤት ተለማማጅ ነበርኩ፣ የነበረኝ ወርቅ የጥርስ ጉድጓድ አይሞላም። በመዳብና በብር አበዛሁት። አስራ ስምንት ነው አልኳት። እንዳይገረጣባት ደግሞ ላጥበው እያልኩ እየወሰድኩ የወርቅ ቅብ ስቀባው ኖርኩ። የሰውን ሁሉ ወርቅ ስጭር የኖርኩ ሰውዬ፣ ያጭበረበርኩት ሚስቴን ነው።»

እኔ ምን እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ። ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ስር ደግሞ ንዴቴ፤ የትኛውን እንደማስቀድም ጨነቀኝ።

«የእርስዎ ባለቤት ግን» አለ ባለቤቴ፣ «ድንጋዩ ሩቢ አይደለም ብለው በገዛ አፋቸው የነገሩዎት ሰው ናቸው። ሊዋሽ የፈለገ ሰው በድንጋዩ ይዋሽ ነበር፤ ቀይ ድንጋይ ከቀይ ድንጋይ ማን ይለየዋል፣ እንደ እሷ ያለ ካልሆነ። እኔ ውሸታም ስለሆንኩ ውሸታም አውቃለሁ። እሳቸው አይደሉም።»

እናትየው ባለቤቴን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጭብጣቸውን ፈቱ። የቀለበቱ ቅርፅ መዳፋቸው ላይ ታትሟል።

ባለቤቴ ቀለበቱን ከመዳፋቸው አነሳ። ከድንጋዩ አጠገብ፣ ትከሻው ላይ፣ በቀስታ ጫረው። ሁላችንም ጠረጴዛው ላይ አጎነበስን፤ ራሳችን ከራሳችን ሊጋጭ ምንም አልቀረው። ጠብ አደረገ። ጠበቅን። መስመሩ እዚያው ነው። ባለቤቴ ጠብታውን በጨርቅ ጠረገው። መስመሩ አሁንም እዚያው ነው፣ ቢጫ፣ ሙሉ።

«ቆየ» አለ የአሳንሰሩ ልጅ።

«ቆየ» አለ ባለቤቴ። «እንዲያውም ከአስራ ስምንት ትንሽ ሳይበልጥ አይቀርም።»

እናትየው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እያለቀሱ መስሎኝ ልደግፋቸው ስጠጋ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው በጣታቸው መሃል እስኪወርድ ሳቁ። «የኔ ሹፌር» አሉ። «አንጥረኛውን አሸነፈው።» ከዚያ ክንዴን ያዙና፣ «እህቴ፣ አንቺን ግን አዘንኩልሽ» አሉኝ።

«አትዘኚልኝ» አልኳት፤ እኔም አንቱታውን ረስቼዋለሁ። «ላንቺ የቀለበቱ ነው፣ ለኔ የሰውዬው ነው ጣጣው።» ይህን ስል ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ የአሳንሰሩ ልጅም እንዳይስቅ ከንፈሩን ሲነክስ አየሁት። ቀለበቱን ልጄ ጣት ላይ የመለሱት እናትየው ራሳቸው ናቸው፤ ብየዳው ደግሞ በደንብ ይሰራ ብለው ባለቤቴን አዘዙት፣ እሱም እንደ ተማሪ አቤት አለ። ሾርባው በርዶ ነበር። አሙቄ አቀረብኩት፤ እንደዚያ ሾርባ የጣመኝ የለም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳህን ሳጥብ ባለቤቴ ፎጣ ይዞ አጠገቤ ቆመ። በገዛ ፈቃዱ ሳህን ሲያደርቅ አይቼው አላውቅም።

«አትጮሂብኝም?»

«እየመጣልህ ነው፣ ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። ስንት ወርቅ በእጅህ ሲያልፍ ነው የኖረው። ለምን አልቀየርከውም?»

«ስንቴ አስቤዋለሁ። ልክ እሱን የመሰለ፣ ሙሉ ወርቅ ሰርቼ፣ ላጥበው ብዬ ወስጄ ልለውጥብሽ ነበር። ግን ሁለተኛ ውሸት ሆነብኝ።»

«መቀባቱስ?»

ሳህኑን አገላብጦ ጠረገ። «እሱማ ያው የመጀመሪያው ውሸት ጥገና ነው።»

ልቆጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ሳቄን ሲያይ ድፍረት አገኘና እጁን ዘረጋ። «አምጪው በቃ። በምርጥ ወርቅ ነገውኑ እሰራልሻለሁ።»

እጄን የሳሙናው አረፋ ውስጥ ደበቅኩት። «አልሰጥህም። ከዛሬ ጀምሮም አትቀባውም። የራሱን ቀለም ልየው።»

አሁን ቅቡ በሳሙናና በድንጋይ ብናኝ ለቋል። ቀለበቴ ገርጣ፣ ቀላ ያለ ነገር ሆኗል። ደንበኞቻችን ወርቅ ያውቃሉ፤ ባለፈው አንዷ እጄን አይታ፣ «እትዬ፣ የአንጥረኛ ሚስት ሆነሽ እንዴት እንዲህ ያለ ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። ባለቤቴ በጓሮው በኩል መዶሻውን ያዘና የማይሰማ መሰለ።

«ዘጠኝ ካራት ነው» አልኳት። «ያኔ እሱ የነበረው ወርቅ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው።»